የግራው ዳሌ አልወደቀም

አክስቴ ወይዘሮ ዘይነባ ባለፈው ሳምንት ቆቦ በሚገኘው ቤታቸው አርፈው በዕለቱ ተቀብረዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ይህን የምጽፈው እኔ፣ የወንድማቸው ልጅና የሙያ ተማሪያቸው የነበርኩት ነኝ። የምጽፈውም ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ ለወደዷቸው፣ ለጠሏቸው፣ በተለይ ደግሞ ከሞቱ ወዲህ መውደድ ለጀመሩት።

የአገራችን ሰው የሞተን ሰው ሊያማ ሲል በመጀመሪያ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፤ ከዚያ እንደ ልቡ ይወቅሳል። እኔ ያንን መሸፈኛ አልፈልገውም። አክስቴን እወቅሳቸዋለሁ። በሳቸው ላይ የነበረኝ ቅያሜ አብሯቸው አልተቀበረም፤ እንዲያውም መልስ የሚሰጠው ሰው በማጣቱ ብሶበታል።

በተቀበሩ ማግስት የቅሬያችን ማለትም የቀብር ማኅበራችን ሰብሳቢ አባ ይማም፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ለቅሶ ወደተቀመጥንበት ቤት መጡ። የጤና ባለሙያዎች ሊያዘጋጁት ባሰቡት የመታሰቢያ ቀን የሚነበብ ጽሑፍ እንድጽፍ ጠየቁኝ፤ ምን እንደምጽፍም አብረው ነገሩኝ።

«ሩህሩህ ነበረች በልልን» አሉ አባ ይማም። «ትሁት ነበረች፤ ፈገግታ ከፊቷ አይለይም ነበር በል። ለሁሉ እናት ነበረች፤ ይችን እንዳትረሳ።»

«አባ ይማም፣ አክስቴ ፈገግ ሲሉ መቼ አዩዋቸው?»

ጢማቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። «ያው እንግዲህ… ለሞተ ሰው የሚባለው ይኸው ነው ልጄ። ነገ ለእኛም እንዲሁ ይባልልን ብለን ነው።»

እኒህ አባ ይማም፣ አክስቴ ኋላ የምነግራችሁን ሥራቸውን የጀመሩ ጊዜ «ይች ሴትዮ ይህን ሁሉ የሰው አጥንት ከየት ነው የምታመጣው?» ብለው መስጊድ በር ላይ የጠየቁ ሰው ናቸው። ጥያቄያቸው ሳይውል ሳያድር ወሬ ሆነ፤ ወሬው ደግሞ «መቃብር ታስቆፍራለች» እስከ መባል ደረሰ። አክስቴ ቤት ውኃ ላለመቅመስ ምራቃቸውን እየዋጡ የሚቀመጡ እንግዶች ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው ባለፈው ሳምንት አፈር ለማልበስ ሲጋፋ አየሁት።

ስለ ቀብሩ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የተነሳው እዚያ ነውና። የጀናዛው ሶላት ካለቀ በኋላ፣ አስከሬኑ ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት ሼሁ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ዘይነባ የበደለቻችሁ፣ ያስቀየመቻችሁ፣ በእሷ ላይ ሐቅ አለኝ የምትሉ አፉ በሏት» አሉ። አፉ ማለት በእኛ ዘንድ ይቅር ማለት ነው። ሰው ከሰው አፉ ሳይባል አፈር እንዲገባ አንፈልግም።

«አፉ ብለናል!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

አባቴ በክራንቹ ተደግፎ ከፊት ቆሞ ነበር። ከሕዝቡ ጋር ድምፁን አላወጣም። ሼሁ የእሱንና የእህቱን ነገር ያውቃሉና ለብቻው ጠየቁት። «ሁሴን፣ አንተስ?»

አባቴ መሬት መሬት ያያል።

«ሁሴን፣ እህትህ ናት እኮ። አንዲት ቃል ናት፤ አፉ በላት።»

አባቴ ፊቱን አዞረ። ሼሁ ትንሽ ጠበቁትና ዱዓቸውን ቀጠሉ፤ አክስቴም ከገዛ ወንድማቸው አፉ ሳይባሉ ወደ መቃብር ወረዱ። እኔ ከአባቴ ኋላ ነበርኩ። ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ደስ አለኝ። ይበላቸው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ሌላ ወሬ የለም። «ወንድምየው በሬሳ ላይ ቂም ያዘ» ይባላል። በሚኒባስ ውስጥ ይወራል፤ በገበያ ይወራል። ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ ይመላለሳሉ፤ ከቀብር በኋላም ቢሆን አፉ ይባላል፣ ቃሉን አውጣና ሟቿን አሳርፋት እያሉ ይለምኑታል። አባቴ ቡና ጠጡ ይላቸዋል እንጂ ቃሉን አያወጣም። ለምን እንደማያወጣ ማንም ሳይነግረኝ የማውቅ መስሎኝ ነበር። እናንተም እንድታውቁት መጀመሪያ ሴትየዋን ላሳያችሁ።

አክስቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ደሴ በራጅ ባለሙያነት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ወደ ቆቦ ተመለሱ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል። እርሳቸው ከአስፋልቱ ዳር ካለው ቤታቸው ፎቅ ላይ አንዱን ክፍል ባዶ አደረጉና ኮምፒውተርና ፕላስቲክ እያቀለጠ የሚያትም ማሽን አስገቡበት። ሥራው እንዲህ ነው። መገጣጠሚያው የተሰበረ ወይም የተበላ ሰው ሲቲ ስካን ይነሳል። ሲቲው የሰውየውን ዳሌ ወይም ጉልበት እንደ ድፎ ዳቦ በስስ በስሱ የቆረጠው ይመስል፣ ቁራጩን ሁሉ ለየብቻው በምስል ያስቀምጣል፤ ምስሎቹን በሲዲ ይሰጡታል። ሲዲውን ይዞ አክስቴ ዘንድ ይመጣል። እርሳቸው ምስሎቹን አንድ በአንድ እያዩ አጥንቱን ከሥጋው ይለያሉ፤ የጭኑን አጥንት ከዳሌው፣ ስባሪውን ከደህናው በየቀለሙ ይከፍላሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ቁራጮቹን መልሶ ይደራርባቸውና ዳቦው እንደገና ሙሉ ይሆናል፤ ሥጋ የሌለበት፣ በየአቅጣጫው እየዞረ የሚታይ ባለ ሦስት አውታር አጥንት። ማሽኑ ደግሞ ያንኑ በነጭ ፕላስቲክ፣ በሰውየው ልክ አትሞ ያወጣዋል። ቀዶ ሐኪሙ በሽተኛውን ሳይከፍት በፊት አጥንቱን በእጁ እያገላበጠ ያየዋል፤ የሚያስርበትን ብረት አስቀድሞ በላዩ ላይ እየለካ ያጎብጠዋል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ የተሠራውን ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። አክስቴ ያን ጊዜ የሚያወርዱትን እርግማን እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ ሰው ፊት የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ፊት የሚባል ነገር አይሰጡም ነበር። በሽተኛ ገብቶ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደወደቀ፣ ወጌሻው ምን እንዳደረገው መተረክ ሲጀምር እጃቸውን ይዘረጉና «ሲዲውን። ታሪክህን ለሚስትህ» ይሉታል። ሲዲውን በጣቱ የነካካውን «ቅቤ ነው እንዴ የምትጨብጠው?» ብለው ያባርሩታል። አይዞህ ሲሉ አልሰማሁም። አብሽር ማለት በእኛ አገር ከሰላምታ እኩል ነው፤ እርሳቸው ግን እሷንም ቃል ነፍገዋል። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ካሜራ ይዘው ገቡና ሥራውን ለሕዝብ እናሳያለን አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ጉልበቶች ማንሳት ጀመሩ።

«ባለቤቶቹን አስፈቅዳችኋል?» አሉ አክስቴ።

«እማማ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው።»

«የአንተን መቀመጫ በፕላስቲክ አትሜ አስፋልት ዳር ላስጣው?»

ሰዎቹ ሳይሰናበቱ ሄዱ። እኔም በሳቅ ልሞት ደርሼ ነበር፤ እስኪገላምጡኝ ድረስ።

ደግነታቸውን ከጠየቃችሁኝ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ከጎብዬ አንዲት እናት ጉልበቷ ወደ ውስጥ የተጣመመ ልጇን ይዛ መጣች። ሰፈሩ ሁሉ «አዝላ አዝላ አጣመመቻት» ብሏታል። ሴትየዋ ይህንን አምናለች፤ ስትገባም የልጅቱን እግር በነጠላዋ እየሸፈነች ነበር። አክስቴ ያን ዕለት ከወትሮው በባሰ ተቆጥተው ሠሩ። ጉልበቱ ታትሞ ሲያልቅ ገና ሳይበርድ እናትየዋ መዳፍ ላይ አስቀመጡላት።

«ይኸው። እዚህ ጋ እይ፤ ይህኛው ጎን አላደገም። ስትወለድም እንዲሁ ነው። አንች አይደለሽም ያጣመምሻት።»

ሴትየዋ ፕላስቲኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተንሰቀሰቀች።

«ለቅሶ ውጭ ነው» አሉ አክስቴ። «እዚህ እርጥበት አልፈልግም፤ ማሽኑን ያበላሽብኛል።»

ደግነታቸው ይኸው ነው። ሩህሩህነት የምትሉት ይህን ከሆነ ውሰዱት፤ እኔ ግን በሌላ ስም አልጠራውም።

እኔን ያስተማሩኝም በዚያው ጠባያቸው ነው። ሥራውን እንደ ጀመርኩ ሰሞን አንድ የጉልበት ምስል ይዤ ዋልኩበት። ኮምፒውተሩ ላይ ሻካራውን የሚያለሰልስ፣ ቀዳዳውን የሚደፍን መሣሪያ አለ። እኔም አለሳለስኩት፤ የተሸረፈውን ሞላሁት፤ እንደ ዕንቁላል አብረቀረቀ። ኮርቼ አሳየኋቸው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ጉልበት ነው።»

«ጉልበት ነው ወይስ ሙሽራ? ምን ያሽሞነሙነዋል?» ሥራዬን በሙሉ አጠፉት። «ስማ። ሲቲው ያላየውን እኔ አላየሁም። እኔ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ለሐኪም አልሰጥም። ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውን አትምለት።»

ከዚያ ወዲያ ምስሉ ያልጠራበትን ቦታ ክፍት እየተውን፣ የቀዳዳውን ዳር በቀይ ቀለም እየቀባን እናስረክብ ነበር። በሽተኛው «ምነው አጥንቴ ጎደለ?» ይላል። «አጥንትህ አልጎደለም፤ የእኔ ዓይን ነው የጎደለው» ይሉታል። ይህን ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ ወደ ቤታችን እስኪመጣ ድረስ።

አባቴ ዋጃ ገበሬ ነው። የማሽላ አገዳ ጭኖ ከሚመጣ መኪና ላይ፣ ከጭነቱ አናት ወደቀ። በቀኝ ዳሌው የጭኑ አጥንት የሚገባበት ጎድጓዳ ተሰበረ። አጥንት ቀዶ ሐኪሙ ወልድያ የሚመጣው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር፤ አክስቴን በሥራቸው ያውቃቸዋልና «የዳሌውን ቅርጽ ሠርታችሁ አምጡልኝ፤ በእሱ ላይ ብረቱን አዘጋጅቼ እገባለሁ» አለ። መዘግየት የለበትም፤ አጥንት ከሰነበተ በተሰበረበት ይገጥማል፣ ከገጠመ በኋላ መፍታቱ ሌላ ጣጣ ነው። አባቴን ይዤ ደሴ ሄድኩ።

እዚያ የሆነው በእኛ ሰው ላይ ካልሆነ በማንም ላይ አይሆንም። አባቴ ሲቲው ውስጥ ተኝቷል፤ አትንቀሳቀስ ተብሏል፤ ማሽኑ ሥራውን ጀምሯል። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ከባለሙያው አጠገብ ቆሜያለሁ። በዚህ መሐል አንድ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ገቡና የመጣንበትን ሲሰሙ ድምፅ ማጉያውን አንስተው «የራያ ሰው! እንደምን ዋሉ አባት!» አሉ። የአባቴን ጠባይ የሚያውቅ ቀሪውን ያውቀዋል። ተኝቶ ሰላምታ መመለስ በእሱ ቤት ነውር ነው። በተሰበረ ዳሌው፣ በክርኑ ተደግፎ ብድግ አለ። «አልሐምዱሊላህ! እንደምን ዋላችሁ!» ብሎ መልሶ ተኛ። ልክ ያን ጊዜ ማሽኑ ያነሳ የነበረው የተሰበረውን ቦታ ነው። እንደገና ይነሳ ስንል መብራቱ ብልጭ ድርግም ብሎ ማሽኑ ቆመ፤ መለዋወጫ እስኪመጣ አይሠራም ተባለ። «ለማንኛውም ይነበባል» ብለው ሲዲውን ሰጡን።

አክስቴ ምስሎቹን ከፍተው ከላይ ወደ ታች እያዩ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። የዳሌው የኋላ ግድግዳ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ተጠማዞ፣ እንደ ጥላ ይታያል።

«ይህ ሰውዬ ለማን ነው ብድግ ያለው?» አሉ።

ነገርኳቸው። «ጨዋነቱ ይገድለዋል» አሉ።

እኔ መላ ነበረኝ። የሰው ግራና ቀኝ ዳሌ በመስታወት እንደሚታይ ፊት ይመሳሰላል፤ የአንዱ ምስል ሲጠፋ ሌላውን ገልብጦ መሙላት በሙያው የሚታወቅ ነው። «ግራው ደህና ነው» አልኳቸው። «እሱን ገልብጠን የቀኙን ቀዳዳ እንድፈንበት።»

«የግራው ዳሌ አልወደቀም።»

«አልወደቀም፤ ቅርጹ ግን አንድ ነው።»

«ቅርጹን ማን ጠየቀኝ? የተጠየቅሁት ስብራቱን ነው። ከመኪና የወደቀው ቀኙ ነው፤ የቀኙን አምጣልኝ።»

«ማሽኑ ቆሟል አልኩዎት እኮ! ሐኪሙ ቀዳዳውን ካየ አይከፍትም!»

«አይክፈታ።»

«ወንድምዎ ነው!»

ዞረው አዩኝ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ወንድም የለኝም» አሉ። «ያለኝ ሲዲ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን ሰፈሩ ሰምቶታል፤ መድገም አያስፈልግም። አክስቴ ቀዳዳውን እንዳለ አተሙት። ዳሩን ራሳቸው በቀይ ቀቡት። ወልድያ ይዤው ሄድኩ፤ ሐኪሙ አገላብጦ አየና ሌባ ጣቱን በቀዳዳው አስገባ።

«እዚህ ጋ ደህና አጥንት ካለ ብረቱን እዚህ ላይ አስራለሁ» አለኝ። «የተፈረካከሰ ከሆነ ግን ከኋላው የሚያልፈው የእግሩ ነርቭ ነው። ሳላውቅ አልገባም። ሌላ ሲቲ ይነሳ።»

ሌላ ሲቲ አልተነሳም። የደሴው ማሽን መለዋወጫ ሲጠብቅ፣ በሌላ በኩል ሲቲ ወዳለበት ከተማ የሚወስደው መንገድ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሐኪሙም ሄደ፣ አጥንቱም እንደተዛባ ገጠመ። አባቴ ቀኝ እግሩ አጠረ። ማሳው ላይ ሌላ ሰው ያርሳል። ሶላቱን ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግዳል፤ ግንባሩ መሬት ከነካ ቆየ። ጁምዓ ጁምዓ ወንበሩን ይዤለት ስሄድ፣ ከሰጋጆቹ ኋላ ለብቻው ሲቀመጥ ባየሁት ቁጥር አክስቴን እንደ አዲስ እጠላቸዋለሁ።

ያን ክፍል ጥዬ ወጣሁ። አባቴም ከዚያ በኋላ እህቱ ቤት አልሄደም። እርሳቸው ለአንድ ዒድ ዋጃ ድረስ መጡ። ተቀምጠው የአባቴን ፊት ሳይሆን እግሩን አዩ።

«ያምሃል?»

«ሲበርድ ነው።»

«ዋጃ መቼ በርዶ ያውቃል» አሉና በመጡበት ባጃጅ ተመለሱ። እኛ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ እንደ ሹፈት ቆጠረው። እኔም እንደዚያው ነው የቆጠርኩት።

እንግዲህ አባቴ በቀብሩ ላይ ዝም ሲል፣ ዝምታውን ያለ አስተርጓሚ የተረዳሁት የመሰለኝ በዚህ ምክንያት ነው። አባ ይማም ጽሑፉን ባዘዙኝ ጊዜም ያሰብኩት የእሱን ቃል ጨምሬ ለመጻፍ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ የአንተንም ነገር አስገባለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«አፉ ያላለው እግሩን ስላሳጡት ነው ብዬ።»

ክራንቹን መሬት ላይ ወጋ አደረገ። «ማን አለህ?»

«አገር ያየው ነው። ሼሁ ሲጠይቁህ ዝም አልክ።»

«ዝም ልበል እንጂ ምን ልበል! አፉ የሚባለው የበደለ ሰው ነው። አፉ ብያት ቢሆን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት እህቴ በድላኛለች ማለቴ አይደለም? ያውም ልትመልስልኝ በማትችልበት ቀን!»

«አልበደሉህም?»

«ከጭነት የወደቅሁ እኔ። ማሽን ላይ ተኝቼ የተነሳሁ እኔ። እሷ ያየችውን አየሁ አለች፤ ያላየችውን አላየሁም አለች። የቱ ላይ ነው አፉ የምላት?»

«እግርህስ?»

«እግሬ የእኔ ነው» አለ። «አንተ በእኔ እግር አትጣላ።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ቂሙን በስሙ ተሸክሜ ከርሜ ባለቤቱ የለኝም አለኝ! «ታዲያ ለምን ቤታቸው አልሄድክም?» አልኩት።

«ደረጃዋ» አለ። «ፎቅ ላይ እኮ ነች። በዚህ እግሬ እያቃሰትኩ ብወጣላት ምን ይሰማት ነበር?»

«እሳቸውስ ከዚያች ዒድ በኋላ ለምን አልመጡም?»

«ዘይነባ? ዘይነባ መች ሰው ትጠይቅ ታውቃለች?» አለና ሊስቅ ጀመረ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና አባቴ አለቀሰ። በቀብሩ ላይ ያላፈሰሰውን እንባ ሁሉ ያን ከሰዓት አፈሰሰው። እኔም አላባበልኩትም፤ ምን ብዬ?

በነጋታው ይህንኑ ለአባ ይማም ነገርኳቸው፤ ከዚህ በኋላ አባቴን አፉ በል ብለው እንዳያስቸግሩት ብዬ ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰሙኝ። «ሱብሐነላህ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «አንተስ ልጄ? አንተ አፉ ብለሃታል?» አሉኝ። ሼሁ አባቴን ሲጠይቁ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። አልመለስኩላቸውም። የምመልሰው ለራሳቸው ለአክስቴ ነው።

አክስቴ፣ ሩህሩህ ነበሩ ብለህ ጻፍ ብባልም እንዳልጻፍኩ አይተዋል። ፈገግታዎንም አልጨመርኩም፤ አላየሁትማ። ዛሬም ቢሆን የግራው ዳሌ ይበቃ ነበር እላለሁ። ምናልባት ብረቱ ይይዝለት ነበር፤ አባቴም ዛሬ ከሰው ጋር ተሰልፎ ይሰግድ ነበር። ምናልባት ደግሞ ከነአካቴው ሽባ ይሆን ነበር። እርስዎ አላውቅም ብለው መተኛት ይችሉ ነበር፤ እኔ አልችልም። የተጣላነውም በዚህ ነው፤ ቢነሱ ነገም እንጣላለን።

አባቴ የሚያነሳብዎ ነገር የለውም። በእግሩም እንዳልጣላዎት ከልክሎኛል፤ እሺ፣ እግሩን ትቻለሁ። የራሴ ግን አለኝ። ያንን ክፍል ጥዬ ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ያውቃሉ፣ አይተውኛል። «ና ግባ» ቢሉኝ እገባ ነበር። አላሉም። ከዚያም በኋላ በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ በሰውም በስልክም፣ ና አላሉኝም። ይህ የእኔ ሐቅ ነው፤ ማንም ሽማግሌ አይቆርጥልኝም።

አፉ የተባለ ነገር አለቀ ማለት ነው፤ ሁለተኛ አይነሳም። እኔ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ያለኝ ነገር እንዲያልቅብኝ አልፈልግም። አላህ አፉ ይበልዎት፣ አክስቴ። እኔ ገና ነኝ።